ማን ረዳሽ?

ነገሩን የሰማችው ስድስት ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ የአንድ ወጣት ሱሪ ስትለካ ነው። ወጣቱ ከላይ ሆኖ በስልክ ያወራል። ሰው ልብስ ሰፊ እግሩ ሥር ስትንበረከክ ጆሮዋን ቤቷ ትታ የመጣች ይመስለዋል፤ እሷ ደግሞ በሃያ ሁለት ዓመት የስፌት ዘመኗ ከዚያች ዝቅታ ሆና ያልሰማችው ጉድ የለም። የማን ትዳር እንደላላ፣ ማን ከሥራ እንደታገደ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየ፣ ሁሉንም በሰው ቁርጭምጭሚት ልክ ሆና ሰምታዋለች። የዛሬው ግን የሌላ ሰው ጉድ አልነበረም።

«አዎ፣ እሷ ናት! ያቺ ከአሮጌ ኮት የተሰፋ ቦርሳ የምትይዘው!» ይላል ወጣቱ እየሳቀ። «ባለፈው ሴሚስተር እኮ ፕሮግራሚንግ ወድቃ በማስጠንቀቂያ ነው ያለፈችው። አሁን ከክፍሉ አንደኛ! ምኑ ይታመናል? ሰው አላት እንጂ። ሰው ነው የሚሠራላት። ዛሬ ስምንት ሰዓት ዲፓርትመንት ትቀርባለች፤ ማን እንደረዳት ካላወጣች አለቀላት፣ ትባረራለች።»

በከተማው ውስጥ ከአሮጌ ኮት የተሰፋ ቦርሳ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የሰፋችውም እሷ ራሷ ናት። ግራጫው ኮት የሟቹ ባሏ ነበር። ልጅቷ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት ልጁ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ኮቱን ፈታታ ቦርሳ አደረገችላት፤ የደረት ኪሱን ግን ለእስክሪብቶ ይሆናል ብላ እንዳለ ተወችው። አሁን ቀና ብላ አንድ ነገር ልትለው ፈለገች፤ ግን በስድስት ስፒል መሐል ምን ይወራል? አንድ በአንድ ነቅላ እስክትጨርስ ወጣቱ ስልኩን ዘግቶ «መቼ ይደርሳል?» ይላት ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሱሪው ታጥቦ ያውቅ እንደሆነ፣ ሲታጠብ የሚሰበሰብ እንደሆነ፣ የሚለብሰው በዚህ ጫማ ብቻ እንደሆነ ትጠይቀው ነበር። ዛሬ «ነገ» ብቻ አለችው፤ እሱም ተገላገልኩ ብሎ ወጣ።

ሰፈሩ «ፍተሻ» ይላታል፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ጨርቅ ይዞ የመጣን ሰው «ቀለሙ ይለቃል?» ሳትል መቀስ አታነሳም። «አይለቅም» ቢላትም አታምነውም፤ ጣቷን በምራቋ አርሳ የጨርቁን ጫፍ ትነካና በነጭ ቁራጭ ታሸዋለች። አንዳንድ ደንበኛ ከዚህ የተነሳ ይኮርፋል፤ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም እሷ የሰፋችው ልብስ መንገድ ላይ ተተርትሮ ሰው አላዋረደም።

ብቻዋን ስትቀር ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ጠዋት ያየችውን ሁሉ ከሥሩ ትበረብር ጀመር። ልጅቷ ሻይዋን ግማሽ ትታለች። ዳቦውን አልበላችውም፣ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ ሸሚዟን ተኩሳለች፤ በአዘቦት ቀን፣ ያውም አንገትጌውን ደጋግማ። «ምነው ዛሬ?» ብትላት «እንዲሁ ነው፣ እትዬ» አለቻት። ስምንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው በመሐላቸው ያለው ወሬ ይኼው ነው፤ «በላሽ?» «በላሁ፣» «መጣሽ?» «መጣሁ።» ተጣልተው አያውቁም፤ የሚጣላ ሰው እኮ ቢያንስ ይነጋገራል። አባትየው ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ያኔ አጎቷ ሊወስዳት መጥቶ ነበር፤ ልጅቷ ግን «ትምህርት ቤቱ ከዚህ ይቀርበኛል» ብላ ቀረች። ፍተሻ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ስታገላብጣት ትኖራለች። ለመንገዱ ብላ ነው የቀረችው ወይስ ለእኔ ብላ? ሁሉን የምትጠይቀው ሴት ይህችን አንዷን ጥያቄ ፈርታ ተወቻት። አሁን ከዩኒቨርሲቲው ከተባረረች የሚቀርባት ትምህርት ቤት የለም። አጎትየው በመኪና መለዋወጫ ሱቁ ገንዘብ ተቀባይ ሊያደርጋት ሲያሰላ ከርሟል፤ እሷ ከወጣች ደግሞ ቤቱን የሚያቆመው ነገር የለም፣ ብቻዋን ነው የምትቀረው።

«ሰው አላት።» ማን? ከመንፈቅ ወዲህ ልጅቷ ከክፍል ስትወጣ በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ ነው የምትመጣው። የመተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አሮጌ ላፕቶፗን ትከፍትና ስለ ትምህርቷ ትቀባጥራለች፤ ፍተሻም ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ በመሐል በመሐል ጣልቃ እየገባች ትነዘንዛታለች። ከወሬያቸው ሁሉ የሚረዝመው እሱ ነው፤ ግን ስለ ማሽን የሚወራ ስለሆነ ፍተሻ ወሬ ብላ ቆጥራው አታውቅም። ታዲያ ልጅቷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ከደረሰች ያ ሰው የሚያገኛት መቼ ነው? መንገድ ላይ። መንገድ ላይ ያለው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ሥራውን ጥላ ብድግ አለች። በሥራ ቀን አራት ሰዓት ላይ መዝጊያውን ስትስብ ጎረቤቷ ጫማ ጠጋኝ «ሰው ሞተ እንዴ?» አላት፤ እሷ ግን ቁልፉን ኪሷ ከታ ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ታጠፈች።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው፤ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብዛት ውስጡን አያሳይም። ፎቶ ኮፒ፣ ጥራዝ፣ የድሮ ፈተና፣ «የቤት ሥራ እናግዛለን»። «እናግዛለን» የምትለዋ ቃል በቀይ ተጽፋለች። ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ወፍራም ሰው ሦስት ማሽን መሐል ተቀምጦ ያዛጋል፤ ክፍሉ የጋለ ወረቀት ይሸታል። ፍተሻ ዓይኗን በጨው አጥባ «ልጄ ፕሮግራም የሚሉት ነገር አለባት፣ ትሠራላችሁ?» አለችው። ሰውየው ዋጋውን እንደ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ወረደው፤ ዝም ብሎ ሥራው ብቻ ሦስት መቶ፤ ከነማብራሪያው፣ ማለትም መምህሩ ቢጠይቃት የምትመልሰው ተጽፎ፣ አምስት መቶ፤ ከሌላ ልጅ ሥራ ጋር እንዳይመሳሰል ተደርጎ ደግሞ ሰባት መቶ። ፍተሻ በልቧ ሰባት መቶውን ያዘችው። ልጅቷ ያን የሚያህል ገንዘብ ከየት ታመጣለች? ወይስ በገንዘብ አይደለም የምትከፍለው? ይህን ስታስብ ፊቷ ነደደ።

«ባለ ግራጫ ቦርሳዋን ልጅ ታውቃታለህ? ኮት የሚመስል ቦርሳ።»

ሰውየው ወዲያው ሳቀና መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «እሷን? ምን ሆነሻል፣ እሷ እኮ ወረቀት እንኳን በሁለቱም ገጽ ነው የምታሳትመው። አንድ ቀን አዝኜላት በነጻ ልሥራልሽ ብላት የሱቄን የሒሳብ ፕሮግራም ዓይታ፣ ‹ዕቃ የገዛ ሰው ቢመልስስ? ሳይገዛ ገዝቻለሁ ቢልስ?› እያለች ግማሽ ቀን ስትነዘንዘኝ ዋለች። ከማን እንደወረሰችው እንጃ! ሳምንት ሙሉ ፕሮግራሜን ሳስተካክል ከረምኩ።»

ፍተሻ አመስግና ወጣች፤ አንድም ቃል ግን አላመነችውም። ሌባ ስለ ሌብነቱ ሲጠየቅ ምን እንዲል ነው የሚጠበቀው? ይልቅ ሰውየው በጣም ፈጥኖ መሳቁ አስጠርጥሯታል።

ወደ ቤት ሄደች። ቤት ስትል የጓሮዋን አንድ ክፍል ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች የእሷና የባሏ ነበሩ፤ አሁን አንድ የጥርስ ሐኪም ተከራይቷቸው ኪራዩን የሚበላው አጎትየው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ባሏ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን አጎትየው አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «ለቀብሩ ወጪ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ባዶ ቦታውን በኋላ እንሞላዋለን» አላት። ዓይኗ በእንባ አብጦ ስለነበር ፈረመች። ባዶው ቦታ በኋላ በእርግጥ ተሞላ፤ ሁለቱ ክፍሎች የአጎትየው ናቸው ተብሎ። ከዚያን ቀን ወዲህ እስክሪብቶ አትጨብጥም። የመብራት ሠራተኛው ሲመጣ አትፈርምም፣ የሱቅ አከራይዋ ሲመጣ አትፈርምም፣ ፖስታ ቤት ዕቃ መጥቶላት አልፈርምም ብላ ዕቃው ተመልሷል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ወረቀት ላይ እጇን አላሳረፈችም፤ ልጅቷም ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

የልጅቷን አልጋ ስትበረብር አላፈረችም ማለት ውሸት ነው። ግን ፍራሹን አነሳችው። ከሥሩ አንድ ደብተርና አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አገኘች። ደብዳቤውን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ማንኛውም ተማሪ ከፈለገው ሰው እርዳታ መጠየቅ ይችላል ይላል፤ የረዳው ሰው ግን ስሙ፣ ሙያውና ዝምድናው በእርዳታ ቅጹ ላይ ተሞልቶ መፈረም አለበት፤ ተማሪዋ ባቀረበቻቸው ስድስት ሥራዎች ሁሉ ላይ «ማንም አልረዳኝም» ብላ ሞልታለች፤ ዲፓርትመንቱ ይህን ለማመን ተቸግሯል፤ ስለዚህ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዛ ስምንት ሰዓት ላይ ትቅረብ። ከደብዳቤው ግርጌ ልጅቷ በእርሳስ አንድ የስልክ ቁጥር ጽፋለች። ፍተሻ ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። የአጎትየው ነው። ከቤተሰብ አንድ ሰው ሲባል ልጅቷ እሱን ጠርታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ውስጧን አመማት።

ከዚያ ደብተሩን ከፈተችው። በየገጹ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ተጽፎ ተሰምሮበታል፤ ከሥሩ በሰማያዊ ረጅም ማስተካከያ፣ እሷ የማይገባት የኮምፒውተር ቋንቋ። ቀዩን ብቻ አነበበች። «የለሁም ያለ ሰው ኖሮ ቢገኝስ?» «አንዱ በሌላው ስም ቢመጣስ?» ገጹን ገለጠች፣ ሌላ ቀይ፤ ገለጠች፣ ሌላ ቀይ። መቶ ይሆናሉ። ነገሩ በራላት። አንድ ሰው ይጠይቃታል፤ እሷ በጥያቄው ትሠራለች። ቀዩ የሰውየው ነው። እጅ ከፍንጅ ያዝኩት አለች፣ ደብተሩን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች። ልጅቷን ልታጋልጣት ነው ልታድናት? እሷም አልለየላትም ነበር። አንድ ነገር ግን ታውቃለች፤ ልጅቷ ስሙን ደብቃለት ራሷ የምትባረርለት ሰው ማን እንደሆነ ሳታይ ዛሬ አትውልም።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃዋ «ቦርሳሽን ክፈቺ» አለቻት። በሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ስትፈትሽ የኖረችውን ፍተሻን ሌላ ሴት ኪሷን ሳይቀር ፈተሸቻት። ሜትሯን ዘርግታ ዓየች፣ የክር ጥቅሉን አሸተተች፣ መቀሱን «ስለት ነው» ብላ ቀማቻትና በምትኩ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ሰጠቻት። ፍተሻ «መቀሴ ብትቀየርስ?» አለቻት። ጥበቃዋ ከላይ እስከ ታች ዓይታት «ማን መቀስ ይሰርቃል?» አለች። «ሁሉም የሚሰርቀው ነገር አለው» አለቻት ፍተሻና ገባች።

ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ከአንድ በር አጠገብ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ልጅቷ በተኮሰችው ሸሚዟ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ አጎትየው የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። ልጅቷ ፍተሻን ስታይ ብድግ አለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ቀለም ጠፋ።

«እትዬ፣ ማን ነገረሽ?»

«የማላውቀው ሰው ሱሪ ለብሶ መጥቶ ነገረኝ» አለቻት። «አንቺማ አትነግሪኝም።»

አጎትየው ሳይነሳ «ምን ያለፋሻል፣ የወንድሜ ሚስት?» አላት። «የማይሆን ትምህርት ነው። ዛሬ ቢያሰናብቷት ነገ እኔ ጋ ሥራ ትጀምራለች፤ ደመወዟም ተቆርጦ ተቀምጧል።» ልጅቷ ወለሉን ዓየች። ፍተሻ መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተና ገቡ ተባሉ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ወረቀት የተቆለለባቸው መደርደሪያዎች፣ የማይሠራ ማራገቢያ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ድምፅዋ የደከመ ሴት ናት። ከጎኗ ቀጭን ወጣት መምህር ተቀምጧል፤ ልጅቷን የጠረጠራት እሱ ነው፤ ገና ከመግባታቸው ዓይኑን ጣለባት። ኃላፊዋ ጊዜ አላጠፋችም። መረዳት ወንጀል እንዳልሆነ፣ ላብራቶሪው ውስጥ ራሱ እርዳታ የሚሰጡ ሰዎች እንደተቀመጡ፣ መደበቅ ግን እንደማይፈቀድ ተናገረችና «ማን ረዳሽ?» አለቻት።

«ማንም» አለች ልጅቷ።

«ላብራቶሪው ውስጥ አንድ ቀን እርዳታ ጠይቃ አታውቅም» አለ መምህሩ። «በመንፈቅ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ወጣች። የምትሠራው ሥራ ደግሞ የጀማሪ አይደለም። ጀማሪ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ነው የሚጽፈው። የእሷ ግን ሰው ሊያታልል የሚችልበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኖ ነው የሚመጣው። ይኼ ስንት ዓመት የሠራ ሰው እጅ ነው።»

«ማንም አልረዳኝም» አለች ልጅቷ እንደገና፤ ድምፅዋ ግን ሰለለ።

ፍተሻ መቻል አቃታት። ደብተሩን ከብብቷ መዥረጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሰው አላት። ይኸው! ቀዩን አንብቡት። ቀዩ የእሷ አይደለም፣ እየጠየቀ የሚያሠራት ሰው አለ።» ይህን ብላ ልጅቷን ዓየቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ያኔ ፍተሻ ያደረገችው ነገር ገባት፤ ልጅቷን በገዛ እጇ አሳልፋ ሰጥታለች። ቃሏን መልሳ ብትውጠው በወደደች።

ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ ታነብ ጀመር። «‹ተንኮለኛ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሁለት ድርሻ ቢወስድስ?›» ገጽ ገለጠች። «‹የሞተ ሰው ስም መዝገብ ላይ ቢቀርስ፣ ማን ይጠቀምበታል?›» ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ። «‹ባዶ ቦታ ተትቶ በኋላ ሌላ ሰው ቢሞላበትስ?›» አጎትየው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ወዲያው ደግሞ አልተመቸውም መሰለኝ ተነስቶ እንደገና ተቀመጠ። ቁልፉን ማሽከርከርም ተወ።

ፍተሻ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ያቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ታውቃታለች። ያን ዕለት የአንድ ጃኬት ዚፕ ትቀይር ነበር፣ ዚፑ አልያዝ ብሏት ተናዳለች፤ ልጅቷ ስለ አንድ የምዝገባ ቅጽ ታወራለች፤ እሷም ዚፑን እየሳበች «ባዶ ቦታ ትተሽ በኋላ ሌላ ሰው ቢሞላበትስ፣ ሞኝ?» አለቻት። የሞተው ሰው ስምም የእሷ ነው። ሁለቱ ድርሻም። አፏን በእጇ ያዘች።

«ጥያቄዎቹ የማን ናቸው?» አለች ኃላፊዋ።

«የእሷ» አለች ልጅቷ፣ ሳታመለክት፣ በዓይኗ ብቻ። «ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌት ቤቷ ተቀምጬ የምሠራውን ሁሉ እነግራታለሁ፤ እሷ አታምነኝም። ምንም ነገር አታምንም። ስትጠይቀኝ ስህተቴ ይታየኛል። ኮዱን ግን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ አንድ ፊደል አልነካችም።»

«ታዲያ ማንም አልረዳኝም ብለሽ ለምን ሞላሽ?»

ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች። «የረዳ ሰው መፈረም አለበት ይላል። እሷ ወረቀት ላይ አትፈርምም። አባቴ ሲሞት አስፈርመዋት…» አጎቷን ዓየችና አቋረጠች። «ፈርሚልኝ ብዬ እንዴት ልጠይቃት?»

መምህሩ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊ ፕሮግራም ታርማለች የሚባል ነገር በዚህ ዓለም እንዳልሰማ ተናገረ፤ ፍተሻም በልቧ እውነቱን ነው አለች፣ እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን አታምንም። የራሱን ላፕቶፕ አዙሮ ልጅቷ ፊት አደረገው። የሐኪም ቤት ተራ የሚያስጠብቅ ፕሮግራም ነው፤ አንድ ስህተት ሆን ብሎ ቀብሮበታል፤ በሃያ ደቂቃ ታውጣው። ልጅቷ ዓይኗን ሰክታ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። አጎትየው ሰዓቱን ዓየ። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ልጅቷ ቀና ብላ «ጮክ ብዬ ብነግራትስ?» አለች። ኃላፊዋ እጇን ዘርግታ ፈቀደች።

ልጅቷ ወንበሯን ወደ ፍተሻ አዞረች። «ሰው ይመጣል፣ ቁጥር ይወስዳል፣ እትዬ። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ይጠራል። የተጠራው ሰው ገብቶ ሲወጣ ቀጣዩን ይጠራል።»

ፍተሻ እጇ ባዶ ስለሆነ ምቾት አልሰጣትም። ከሜትሯ ጫፍ ጋር እየታገለች «ቁጥሩን ለሌላ ቢሸጥስ?» አለች።

«ስሙ አብሮ ይመዘገባል።»

«እሺ፣ ያመመው ሰው ነው አይደል? ተቀምጦ ሰልችቶት ቢሄድስ? ተጠርቶ ባይመጣስ? ከኋላው ያለው ሕዝብ ሁሉ እዚያው ሊያረጅ ነው?»

ልጅቷ ወደ ላፕቶፑ ተመልሳ በጣቷ መስመር ቆጠረች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። ፍተሻ ያን ፈገግታ የመተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ዛሬ ገና ነው ያወቀችው። «እዚህ ጋ ነው። የሄደውን ሰው እስኪመጣ ድረስ ይጠብቀዋል፣ ማብቂያ የለውም» አለችና አራት መስመር ጻፈች። መምህሩ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዙሮ ሞከረው፤ ደጋግሞ ሞከረው። በመጨረሻ ለኃላፊዋ ራሱን ነቀነቀላት።

ኃላፊዋ ውጤቱ እንዳለ እንደሚቆይ ተናገረች። ቅጹን በሐሰት በመሙላቷ ግን ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል፤ አሁኑኑ ተስተካክሎ ይሞላ፣ የረዳት ሰውም ይፈርም፤ ዛሬ ካልተፈረመ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ያልፋል። አጎትየው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። «አምጡት፣ እኔ እፈርማለሁ። አሳዳጊዋ እኔ ነኝ።»

«የሚፈርመው የረዳት ሰው ነው» አለች ኃላፊዋ።

ልጅቷ ቅጹን ሞልታ ፍተሻ ፊት አኖረችው፤ እስክሪብቶውንም ከግራጫው ቦርሳ የደረት ኪስ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችላት። «ካልፈለግሽ ተይው፣ እትዬ» አለች በዝግታ። «አልቀየምሽም።» ፍተሻ ወረቀቱን ሳበችው። ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች እየሳቁ አለፉ። መምህሩ ተቁነጠነጠ። ስሟ ተሞልቷል። ሙያዋ ተሞልቷል፣ «ልብስ ሰፊ»። ቀጥሎ «ዝምድና» ከሚለው አጠገብ ግን ምንም የለም።

«ይሄስ?» አለች።

ልጅቷ ቀላች። «እሱ… ምን ብዬ እንደምሞላው…»

«ግድ የለም» አለ መምህሩ፣ ነገሩ እንዲያልቅ ቸኩሎ። «እዚያ ጋ ይፈርሙ፣ ባዶውን በኋላ እንሞላዋለን።»

ፍተሻ ቀና ብላ መምህሩን አላየችውም፤ አጎትየውን ነው ያየችው። እሱ የማይሠራውን ማራገቢያ ያይ ነበር። እስክሪብቶውን ለልጅቷ መለሰችላት። «ባዶ ቦታ ላይ አልፈርምም። ሙዪው።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን ይዛ ጎንበስ አለች። ፍተሻ በመስኮቱ በኩል ዓየች፤ ምን እንደምትጽፍ ለማየት ድፍረቱን አጣች። የአባቴ ሚስት የምትለው ቃል፣ የእንጀራ የምትለው ቃል፣ አንድ ቤት የምንኖር የምትለው፣ ሁሉም በልቧ ተራ በተራ አለፉ። ጽሑፉ ብዙ አልፈጀም። ወረቀቱ ወደ እሷ ሲመለስ ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ ሰው ጨርቅ ባመጣላት ቁጥር እንደምታደርገው፣ በአንድ ዓይኗ ዓየችው። «እናት» ይላል። አንድ ቃል ነው፣ ሌላ ምንም አልተጨመረበትም። ብዙ ጊዜ አየችው። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛለች።

«ቀለሙ ይለቃል?» አለች ፍተሻ።

«አይለቅም» አለች ልጅቷ።

ፍተሻ ጣቷን ወደ ምላሷ አነሳች። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ መለሰችውና ፈረመች።